ቀይ ክር የታሰረበት ኩባያ

ቆንጅት ቢላ የላትም። ሸዋ ሮቢት መናኸሪያ አጠገብ ማንጎ፣ ፓፓያና ብርቱካን መሸጥ ከጀመረች አሥራ ስምንት ዓመት አልፏታል፤ በዚህ ሁሉ ጊዜ አንድም ሰው በእጇ ቢላ አይቶ አያውቅም። ከደሴ የመጣ መንገደኛ ከአውቶቡስ ወርዶ፣ ሙቀቱ ገና በሩ ላይ ተቀብሎት፣ "እናቴ፣ እስቲ ይቺን ፓፓያ ሰንጠቅ አድርጊልኝ" ሲላት፣ "ቢላ የለኝም፤ እዚያ ጠይቅ" ብላ በአገጯ ወደ ጎረቤቷ ትጠቁመዋለች። ሙዝ ሻጯ ዙልፋ ቢላዋን ታቀብልና፣ "ያ ረቢ! መርፌ የሌለው ልብስ ሰፊ፣ ቢላ የሌላት ፓፓያ ሻጭ!" እያለች ትስቅባታለች። ገበያተኛውም "ቢላ የለሽ ቆንጅት" ብሎ ስም አውጥቶላታል። ቆንጅት ስሙን አልጠላችውም። ሰው አንዴ ስም ካወጣ በኋላ ለምን እንደሆነ መጠየቁን ይተዋል።

ምክንያቱን የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። ቢላ ጣት ይቆርጣል፤ ጣት ከተቆረጠ ደም አለ፤ ደም ካለ ደግሞ... ያንን ሐሳብ እስከ መጨረሻው አስባው አታውቅም። የምትሸጠውንም የመረጠችው በዚሁ ሒሳብ ነው። ልጣጭ ያለው ነገር ብቻ። ልጣጩን እሷ ትነካለች፣ ውስጡን ሰውየው ይበላል፣ ማንም ማንንም አልነካም። ድሮ ግን እንዲህ አልነበረችም። የወጧ ሽታ ከሦስተኛ ቤት ሰው የሚጠራ ባለሙያ ሴት ነበረች፤ ሠርግ ያለበት ሰው መጀመሪያ የሚያንኳኳው የእሷን በር ነበር። አሁን ሠርግ ሲኖር ሽንኩርት በጆንያ ልካ ትቀራለች። ሽንኩርትም ልጣጭ አለው።

ነገሩ የጀመረው ባሏ ሲሞት ነው። ጌታሰው የጅቡቲ መስመር የከባድ መኪና ሹፌር ነበር፤ ታሞ ከቤት የዋለው ሰባት ወር ብቻ ነው። እሱን ቀብራ እሷ ስትመረመር ቫይረሱ ተገኘባት፤ የሦስት ዓመቷ ልጇ ሳምራዊት ግን ነፃ ሆነች። በዚያን ጊዜ መድኃኒቱ ሮቢት አልደረሰም፤ ወሬው ግን ቀድሞ ደርሶ ነበር። ለቅሶ ልትደርስ የመጣችው የባሏ እህት ሁለት ሳምንት ሰንብታ ስትሄድ፣ ከንፈሩ ላይ ሰማያዊ መስመር ያለው ነጭ የብረት ኩባያ ገዝታ፣ እጀታው ላይ ቀይ ክር ቋጥራ ሰጠቻት። "እንዳይምታታባችሁ ነው፤ ለልጅቷ ስትይ" አለቻት። ክፉ ሴት አልነበረችም። የሰማችውን አደረገች። ቆንጅትም ምስጋና አቅርባ ተቀበለች፤ ከኩባያው ቀጥሎ ሳህን ለየች፣ ከሳህኑ ቀጥሎ ማንኪያ፣ ማበጠሪያ፣ ፎጣ፣ ሳሙና።

ከጥቂት ዓመት በኋላ መድኃኒቱ መጣ፤ ትምህርቱም መጣ። አብሮ በመብላት አይተላለፍም፣ በመጨባበጥ አይተላለፍም፣ በመሳሳም አይተላለፍም፣ በአንድ ኩባያ በመጠጣት አይተላለፍም፤ ቆንጅት ይህን ሁሉ እንደ አባታችን ሆይ በቃሏ ትወጣዋለች። ጭንቅላቷ ያውቃል። እጇ ግን ያቺ ለቅሶ ደራሽ ያስተማረችውን አልረሳም። እና ሳምራዊት ከእናቷ እጅ አንድ ጉርሻ ሳትቀምስ አደገች። ስትሳምም አናቷ ላይ፣ ያውም ከሻሿ በላይ ነበር። አንድ ጊዜ፣ ገና በሕፃንነቷ፣ ግማሹን የበላችውን ዳቦ ወደ እናቷ አፍ ብትዘረጋው ቆንጅት ፊቷን አዞረች። ልጅቷ እጇን እንደዘረጋች ቆይታ፣ ቀስ ብላ ዳቦውን ራሷ ጨረሰችው። ያን ቀን ቆንጅት እስከ ዛሬ አልረሳችውም።

ሌላም ያልረሳችው ነገር አለ። የዛሬ ሦስት ዓመት፣ በሳምራዊት ሠርግ ሳምንት፣ ኩባያው ጠፋ። ከመደርደሪያው ላይ፣ ክሩ ወደ ግድግዳው ዞሮ ከሚቀመጥበት ቦታ፣ ብድግ ብሎ ጠፋ። ቤቱ ሠርገኛ፣ ጎረቤት፣ ዘመድ አዝማድ ሲገባና ሲወጣበት የሰነበተ ነው፤ ማንን ትጠይቅ? ምን ብላስ ትጠይቅ? አልጋ ስር ፈለገች፣ ጓሮ ፈለገች፣ ጎረቤት ቤት ቡና ስትጠራ ዓይኗ ሰው መደርደሪያ ላይ ይንከራተት ጀመር። ማን ወሰደው? ማን ይጠጣበታል? አዲስ ኩባያ ገዝታ አዲስ ክር ብታስርም፣ የጠፋው ከሐሳቧ አልወጣም።

ይህን ያህል ካወቅን፣ ሳምራዊት ስታረግዝ እናቷ ምን እንደሆነች ለመገመት አያዳግትም። የመጀመሪያ ልጅ በእናት ቤት ይወለዳል፤ ወጉ ነው። ሳምራዊት ካራቆሬ የባዮሎጂ መምህርት ናት፣ ባሏ ኤርሚያስም እዚያው አስተማሪ ነው፤ ሰባተኛ ወሯ ላይ ስልክ ደውላ፣ "እማዬ፣ መቼ ልምጣ?" አለች።

"የሮቢት ሙቀት ለአራስ አይሆንም፣ ልጄ" አለቻት ቆንጅት።

"ካራቆሬ ብርድ ነው እንዴ?" አለች ሳምራዊት።

ካራቆሬ ብርድ አይደለም። ሁለቱም ያውቃሉ። ቆንጅት ግን ከዚያ የተሻለ ሰበብ አልመጣላትም፤ ሰበብ ሲፈለግ የሚጠፋ ነገር ነው።

ሴት ልጅ ተወለደች። ኤርሚያስ በደስታ እየጮኸ ደወለ፤ ቆንጅትም እልል አለች፤ ዙልፋም ምን እንደሆነ ሳታጣራ አብራት እልል አለች። በአራተኛው ቀን ግን ሳምራዊት ራሷ ደወለች። አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። "የኤርሚያስ እናት ናቸው የሚያርሱኝ" አለች። "የመጣው ሁሉ፣ እናትሽ የት አሉ ይለኛል። ታመው ነው እያልሁ እዋሻለሁ። እስከ እሑድ እጠብቅሻለሁ፣ እማዬ። እስከ እሑድ ካልመጣሽ ግን ከዚያ ወዲያም አትምጪ። ልጄን አያት አለሽ ብዬ አልነግራትም።"

ስልኩ ተዘጋ። ቆንጅት ማንጎዎቿን ከትልቅ ወደ ትንሽ፣ ከዚያ ከትንሽ ወደ ትልቅ ደረደረች። ብትሄድ ልጅቱን ታቀፊ ይሏታል፣ እጠቢ ይሏታል፣ ሳሚ ይሏታል። ባትሄድ ልጇን ታጣለች።

በማግስቱ ጤና ጣቢያ ሄደች። መድኃኒት የምትሰጣት ነርስ ያስሚን የአሊዩ አምባ ልጅ ናት፤ ሮቢት ተመድባ ከመጣች ስምንት ዓመቷ ነው፤ የቆንጅትን ጠባይ ከራሷ ከቆንጅት በላይ ታውቀዋለች።

"እትዬ ቆንጅት! ቀጠሮዎ እኮ ገና ሁለት ወር ይቀረዋል። አመመዎት እንዴ?"

"አላመመኝም። ልጄ ወለደች።"

"ማሻአላህ! እንኳን ማርያም ማረቻት! ታዲያ እዚህ ምን ይሠራሉ?"

ቆንጅት በሩን ገርበብ አደረገችና ድምፅዋን ቀነሰች። "ጓንት ስጪኝ። ትንሽ ጥንድ። አሥርም ቢሆን ይበቃኛል።"

ያስሚን ወዲያው አልገባትም። ሲገባት እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። "ሕፃን ልጅ በጓንት ሊያቅፉ?"

"ላብስ?" አለች ቆንጅት።

"አይተላለፍም።"

"ትንፋሽስ? ሳጥባት ጣቴ የተላጠ ቦታ ቢኖርስ?"

"እትዬ ቆንጅት፣ ይህን በየስድስት ወሩ ነው የሚጠይቁኝ፤ እኔም በየስድስት ወሩ ያንኑ ነው የምመልስልዎት። መድኃኒትዎን አንድ ቀን አዛንፈው አያውቁም፤ ቫይረሱ በምርመራ መታየት ካቆመ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። በማቀፍ፣ በማጠብ፣ በመሳም ደግሞ ድሮም አይተላለፍም ነበር። ከእኔ እኩል ያውቁታል።"

"ዐውቀዋለሁ።"

"ታዲያ?"

"ለራሴ ቢሆን ግድ አልነበረኝም። ለሷ ነው እንጂ" አለች ቆንጅት፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ። "አምስት ቀኗ እኮ ነው።"

ያስሚን ተነሥታ መጣችና የቆንጅትን ሁለት እጆች በእጆቿ መካከል ያዘች። ቆንጅት እንደ ልማዷ ልትስብ ስትል ጠበቅ አድርጋ ያዘቻት። "ጓንት ደም ለሚነካ ሰው ነው። አያትነት ደም መንካት አይደለም። ወላሂ አልሰጥዎትም። ይሂዱና አራስ ልጅዎን ይንከባከቡ" አለቻት። ቆንጅት ጓንት ሳታገኝ ወጣች። ከሱቅ ልትገዛ አስባ ነበር፤ ሱቁ በር ላይ ስትደርስ ግን አፈረች።

ቅዳሜ ጠዋት አባዱላ ተሳፈረች። በአንድ ዘንቢል የገብስ ዱቄትና በቅል የታሸገ ቅቤ ይዛለች፤ ዱቄቱን አስፈጭታ እንጂ ራሷ አልነካችውም። በሌላው ፌስታል የራሷን ኩባያ፣ ሳህንና ማንኪያ በፎጣ ጠቅልላለች። ጀውሃን አለፉ፣ ሰንበቴን አለፉ፤ አጣዬ ላይ አዲስ ቆርቆሮና የጠቆረ ግድግዳ ጎን ለጎን ቆመዋል። ቆንጅት መንገዱን ሙሉ ስታስብ የሄደችው አንድ ነገር ነው፤ ልጅቱን ሲያቀብሏት ምን ትላለች? ካራቆሬ ስትወርድ መልሱን አግኝታ ነበር። ጉንፋን ይዞኛል ትላለች።

ኤርሚያስ በባጃጅ ተቀብሎ እቤት አደረሳትና እንጨት ሊያመጣ ወጣ። በሩ ላይ የተቀበለቻት የእሱ እናት እትዬ እቴነሽ ናት። እቴነሽ ቤቷ አጣዬ ላይ ከነዕቃው ሲቃጠል ያዳነችው የለበሰችውን ነጠላና የበሯን ቁልፍ ብቻ ነው፤ ቁልፉን እስከ ዛሬ በማተቧ ላይ አስራው ትሄዳለች። ልጇ ቤት ከተጠጋች ወዲህ "የሰው እጅ አየች" እንዳትባል ሥራ ቀድማ የምትነሣ፣ ቀና ብላ የምትራመድ ሴት ናት።

"ይግቡ፣ ይግቡ! እንኳን በደህና መጡ" አለች። እንግዳዋን ገና ሳታስቀምጥ ሕፃኗን ከአልጋ አንሥታ መጣች። "ይኸው ይቀበሏት። አፍንጫዋ እንደሆን የእርስዎ ነው፤ እኛ ቤት እንዲህ ያለ አፍንጫ የለም።"

ቆንጅት ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበች። "ጉንፋን ይዞኛል። እንዳላስይዛት።"

"በዚህ ሐሩር ጉንፋን?" አለች ሳምራዊት ከአልጋዋ ላይ። ፊቷ ከስቷል፣ ፀጉሯ በቅቤ ርሷል። እናቷ አናቷ ላይ እስክትስማት ጠበቀች። ቆንጅት ከሻሿ በላይ ሳመቻትና በሩ አጠገብ ያለችው ዱካ ላይ ተቀመጠች። ከአልጋው እስከ ዱካዋ አራት እርምጃ ነው። ሳምራዊት ያንን አራት እርምጃ በዓይኗ ለካችው፤ ሕፃኗን ተቀብላ ወደ ጡቷ አስጠጋቻትና ወደ ግድግዳው ዞረች።

እቴነሽ ሁለቱንም አየች። ገንፎውን አገንፍታ፣ መሀሉን ጎድጉዳ ቅቤና በርበሬ አፈሰሰችበትና ሦስቱም እንዲደርሱበት አልጋው አጠገብ አስቀመጠችው። "እትዬ ቆንጅት፣ ቀረብ ይበሉ።"

"በልቼ ነው የመጣሁት።"

"የልጅዎን ገንፎ ሳይቀምሱ?"

"ጠገብሁ፤ እውነቴን ነው።"

እቴነሽ ብቻዋን ሁለት ሦስት ጊዜ ጎረሰች። በርበሬው ያዛትና ብድግ ብላ ከመደርደሪያው ላይ አንድ ኩባያ አነሣች፣ ከጀሪካኑ ውኃ ቀዳችበት፣ ወደ አፏም ወሰደችው። ነጭ የብረት ኩባያ ነው፤ ከንፈሩ ላይ ሰማያዊ መስመር አለው። እጀታው ላይ ደግሞ ቀለሙ ለቆ ሮዝ የሆነ ክር አለ፤ ቋጠሮው ግን ያው የድሮው ቋጠሮ ነው።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል። ቆንጅት ከዱካዋ እንዴት እንደተነሣች አታውቀውም። ኩባያውን ከእቴነሽ አፍ ላይ መነጨቀችው፤ ውኃው የእቴነሽን ደረት አራሰው፣ ማተቧ ላይ ያለው ቁልፍ ተንቃጨለ።

እቴነሽ በነጠላዋ ጫፍ አንገቷን አበሰችና ቀና አለች። "እትዬ ቆንጅት፣ ቤቴ ተቃጠለ እንጂ አፌ አልቆሰለም። ገና ከገቡ ጀምሮ አይቻለሁ፤ ወንበር ራቅ፣ ምግብ አልበላም፣ ልጅ አልነካም። በልጄ ቤት፣ በልጄ ኩባያ ውኃ ብጠጣ የሚጸየፉኝ ምን ሆኜ ነው?"

ቆንጅት ኩባያውን በሁለት እጇ ደረቷ ላይ ይዛ ቆመች። ዝም ብትል ይቻል ነበር። እቴነሽ እንደ ተናቀች ታስባለች፣ ሽማግሌ ይላካል፣ በይቅርታ ያልቃል፤ ምስጢሯም እንደ ተከደነ ይኖራል። ግን በዚህ ቤት የምትኖረው ሳምራዊት ናት። የእናቷን ንቀት በየቀኑ ከአማቷ ፊት ላይ የምታነበው እሷ ናት። በሃያ ሁለት ዓመት ከልጇ ሌላ ምን አላት?

"እርስዎን አይደለም የተጸየፍሁት" አለች። "ራሴን ነው። ኤች አይ ቪ አለብኝ፣ እትዬ እቴነሽ። ሃያ ሁለት ዓመት ሆነኝ። ይሄ ኩባያ የእኔ ነው፤ ጠፍቶብኝ ነበር።"

ሕፃኗ ስትጠባ ብቻ ይሰማል። እቴነሽ ሁለት ጣቶቿን አነሣችና ከንፈሯን ነካች። ቆንጅት ሦስት ዓመት ሙሉ በሐሳቧ ስታየው የኖረችው፣ ኩባያውን የሚያነሣው እጅ ይሄው ነው፤ የማን እንደሆነ ብቻ አታውቅም ነበር።

"እማዬ" አለች ሳምራዊት፤ ከግድግዳው ዞራለች። "ኩባያውን የወሰድሁት እኔ ነኝ።"

"አንቺ?"

"በሠርጌ ሳምንት። ከፎጣ ጋር ጠቅልዬ ሻንጣዬ ውስጥ ከተትሁት።"

"ሳታውቂ ነው፣ ልጄ። ምን እንደሆነ ሳታውቂ..."

"ዐውቄ ነው። ከአሥራ አራት ዓመቴ ጀምሮ ዐውቃለሁ፤ የመድኃኒቱን ብልቃጥ ከሽሮው ዕቃ ውስጥ አገኘሁት። ለምን ባዮሎጂ እንደመረጥሁ አንድ ቀን ጠይቀሽኝ ታውቂያለሽ?"

ቆንጅት ጠይቃት አታውቅም። ለመምህርነት ይቀላል ብላ የመረጠችው መስሏት ነበር።

"ኩባያው ግን ከዚያ በፊት ነው" አለች ሳምራዊት። "አምስት ዓመቴ ነው መሰለኝ። አንቺ ገበያ ስትሄጂ በርጩማው ላይ ወጥቼ አወርደው ነበር። ከሌላው የተሻለ ነገር ያለበት ይመስለኝ ነበር፤ ባይኖርበት ለምን ትከለክይኛለሽ? ውኃ እቀዳበትና አንቺ አፍሽን በምታደርጊበት በኩል እጠጣለሁ። ከዚያ በቀሚሴ አድርቄ፣ ክሩን ወደ ግድግዳው አዙሬ እመልሰዋለሁ።"

"ስንት ጊዜ?" አለች ቆንጅት።

"በየቀኑ።"

"በየቀኑ?"

"እቤት በኖርሁበት ቀን ሁሉ፣ እስካገባ ድረስ። ካወቅሁም በኋላ። ስማር ደግሞ የበለጠ ጠጣሁበት። ዩኒቨርሲቲ ስገባ ተመረመርሁ፣ ስጋባ ተመረመርሁ፣ ለዚህች ልጅ ተመረመርሁ፤ ይኸው አለሁ፣ ምንም የለብኝም። ሊኖርብኝም አይችልም ነበር።" ሳምራዊት አፍንጫዋን በመዳፏ ጠረገች። "አፍሽ የነካው ሌላ ነገር አልነበረኝም እኮ፣ እማዬ።"

ቆንጅት መሬት ላይ ተቀመጠች። ዱካው ላይ እንኳ አይደለም፤ እዚያው አልጋው ሥር። ክሩ ሁልጊዜ ወደ ግድግዳው ዞሮ ይቀመጥ እንደነበር ትዝ አላት፤ ራሷ ያዞረችው ይመስላት ነበር። ልጇን ልትጠብቅ በሠራችው አጥር ውስጥ ልጇ በየቀኑ ስትሾልክ ኖራለች፤ ያደረሰችባት ጉዳት ቢኖር አጥሩ ራሱ ነው። አለቀሰች። ድምፅ አውጥታ፣ ሰው አለ ሳትል አለቀሰች።

እቴነሽ ቀስ ብላ ወጣች። ደጅ፣ የኒም ዛፉ ጥላ ሥር ያለችው ድንጋይ ላይ ስትቀመጥ በበሩ ትታያለች። ጀርባዋን ሰጥታ ትንሽ ቆየች። ስትመለስ ፊቷ ታጥቧል።

"ሰኞ ጤና ጣቢያ ሄጄ እመረመራለሁ" አለች።

"ይመርመሩ፣ እማማ" አለች ሳምራዊት። "መመርመር ክፋት የለውም። ከኩባያው ግን ምንም አያገኙም።"

"እመረመራለሁ አልሁ እኮ። ያስተማራችሁን ሁሉ ወዲያው ማመን አልችልም፤ ያረጀ ጭንቅላት ነው ያለኝ።" ወደ ቆንጅት ዞረችና እጇን ዘረጋች። "እስከዚያው ግን በርበሬው ጉሮሮዬን ይዞታል። ኩባያውን ይስጡኝ።"

የቆንጅት ጣቶች አልላቀቅ አሉ። እቴነሽ አጎንብሳ ኩባያውን ከእጇ ውስጥ በዝግታ አወጣችው፣ ከጀሪካኑ ቀዳችበት፣ አንድ ጊዜ ወደ ውስጡ ተመለከተች። ፈርታለች፤ መፍራቷም ያስታውቃል። ከዚያ ዓይኗን ጨፍና እስከ ሥሩ ጨለጠችው።

"ሃያ ሁለት ዓመት!" አለች ኩባያውን ስታስቀምጥ። "ምነው ሰው አጡ? እኔ ቤቴ ሲቃጠል አገር ሰምቶ አለቀሰልኝ። እርስዎ ብቻዎን ነደዱ።" መልስ አልጠበቀችም። ጡት ይዛ ያንቀላፋችውን ሕፃን ከሳምራዊት እቅፍ አነሣችና፣ መሬት ላይ ወደተቀመጠችው ቆንጅት ወስዳ ጭኗ ላይ አኖረቻት። "ጉንፋኑ ለቀቀዎት አይደል?"

ቆንጅት ከእንባዋ መሀል ሳቅ አመለጣት። ነጠላዋ ከአፏ ላይ መቼ እንደወረደ አላወቀችም። ሕፃኗ ትሞቃለች፤ ክብደቷ አንድ ትልቅ ፓፓያ ቢያክል ነው። ቆንጅት ትንፋሿን ያዘች፣ ለቀቀች፣ እንደገና ያዘች፤ ከዚያ ጎንበስ አለችና ጉንጯን ሳመች። አናቷን አይደለም፤ ጉንጯን። ሕፃኗ አፏን አጣመመችና መተኛቷን ቀጠለች።

ሳምራዊት ከአልጋው ላይ ታያቸዋለች። ሃያ አምስት ዓመቷ ነው፣ ባል አላት፣ ዘጠነኛ ክፍል ሙሉ ተማሪ ሲያያት ይንቀጠቀጣል፤ አሁን ግን ከንፈሯ እንደ ሕፃን ተጣጠፈ።

"እኔስ?" አለች።

እቴነሽ ማንኪያ ለማንሣት እጇን ሰደደች፤ የሳምራዊትን ፊት አየችና መለሰችው። ይልቁንም የማስታጠቢያውን ውኃ አመጣች። ቆንጅት ልጅቱን በግራ ክንዷ እንደያዘች ቀኝ እጇን ታጠበች፤ በሳሙና፣ ሁለት ጊዜ። በልማዷ ጣቶቿን አንድ በአንድ ወደ ብርሃኑ አድርጋ አየቻቸው። ቁስል የለባቸውም። ከገንፎው ቆረሰች፣ ከመሀሉ ቅቤ አጠቀሰች፣ ወደ ልጇ አፍ ዘረጋች።

ሳምራዊት ጉርሻውን ከእነጣቶቿ ጎረሰችው። ቆንጅት የልጇ ከንፈር ጣቷን ሲነካት ልትስብ ፈለገች፤ አልሳበችም። ቅቤው በሳምራዊት አገጭ ላይ ወረደ። ቀስ ብላ አላምጣ ዋጠች።

"አንድ ጉርሻ ያጣላል፣ እማዬ" አለችና አፏን እንደገና ከፈተች።

ቆንጅት እጇን ወደ ገንፎው መለሰች።